መብራት የጠፋ ለታ

ሂርማታ መርካቶ፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር፣
ሃያ ዓመት ሰፋሁ፣ ሳላበዛ ነገር።
መኪናዬ ያወራል፣ አንገቴን ስደፋ፤
ቃል ካፌ ሳይወጣ ስንት ሱሪ ተሰፋ።

ነዚፍ ነኝ። ስሜን እንኳ በአንድ ትንፋሽ አልጨርስም።
ነ... ነ... ስል፣ መርፌው ዘምዘሙን ይጨርሳል፤
ሰሚው ቸኩሎ ፊደል ይለግሰኛል፣
ልጅ ከሆነ ይስቃል፣
ትልቅ ሰው ጫማውን ያያል።

ሼህ አባመጫ ብቻ ጠብቀውኝ ያውቃሉ፤
ቃሌ እስክትወለድ፣ እንደ አዋላጅ ይቀመጣሉ።

በነሐሴው ዶፍ ደረታቸው ታፈነና
አዛን የሚያደርግ ጠፋ። አስጠሩኝ አንድ ማታ፤
«የነገው ሱብሂ ያንተ ነው» አሉኝ፣ በሹክሹክታ።
ሳቅሁ መሰለኝ። ወይም አለቀስኩ።
«አ... አ...» ስል ጠበቁኝ፣ እንደ ልማዳቸው።
«አልችልም» ብዬ ጨረስኩ።
«መቻሉ የሱ ነው። አንተ መውጣቱን ውጣ»
አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ሌሊት ዝናቡ ጣሪያውን ሲቀጠቅጥ፣
አዌቱ ከታች ጭቃውን እየጎተተ ሲያጉረመርም፣
ፍርሃት መጣና ከግርጌዬ ተቀመጠ።
የሦስተኛ ክፍሉን ጥቁር ሰሌዳ፣ የመምህሩን አርጩሜ፣
የተሳቀብኝን ሳቅ ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ አስረከበኝ፣
እንደ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር፣
አምስት ሳንቲም ሳያስቀር።

የሚናራው ደረጃ ሠላሳ አራት ነው፤ ልዘገይ ብዬ ቆጠርኩት።
ሃያኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ።
ያልኩት ዱዓ አይባልም፤ ከመጽሐፍም የለም፤
«እየው፣ ባዶ እጄን ነኝ» ብቻ።

ላይ ደርሼ ማይክራፎኑን ብነካው፣ ጸጥ።
መብራት ጠፍቷል።
ከጅሬን እስከ ቦሳ ቂጦ ከተማው አንድ ጣቃ ጥቁር ጨርቅ፣
ስፌቱ የማይታይ።
ለካ ከልብስ ስፌት መኪና ኋላ መደበቅ የለመደ ሰው፣
ከድምፅ ማጉያም ኋላ ሊደበቅ ነበር ያሰበው።

እጄን ከጆሮዬ አደረግሁ። አፌን ከፈትኩ።
አልወጣም።

ዶሮ ጮኸ። አንድ ባጃጅ በሩቅ አጓራ፣ ጠፋ።
ቋጠሮን አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፤
ክር ሲቋጠር የሚጎትተው ይበጥሰዋል፣
አላልቶ የሚታገሠው ይፈታዋል።
አልጎተትኩም። ላላሁ።
ትንፋሼን ለባለቤቱ መለስኩለት።

ወጣ።

ያለ ሽቦ፣ ያለ ብረት አፍ፣ በዝናቡ መሃል ወረደ፤
በየቆርቆሮው ተንሸራተተ፣ የዳቦ ቤቱን ጭስ ታከከ።
ሁለተኛው ላይ ግን ተያዘ። ደነቀፈ። ቆመ።
ከተማዋ አንድ እግሯን አንሥታ የጠበቀችኝ መሰለኝ፣
እንደ ሼሁ።
ቀጠልኩ።
ስጨርስ ጠግቤ ነበር፣ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ።

ከሶላት በኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘይቱና በር ላይ ያዘችኝ፤
«ሌላ ቀን ጥሪውን እሰማና እገላበጣለሁ፤
ዛሬ ግን መሃል ላይ ዝም ስትል
‹ምን ሆነ?› ብዬ ተነሣሁ።»
ዘበኛው ዳምጠው፣ በማተቡ እየተጫወተ፣
«እኔማ ከታች ሆኜ ‹አይዞህ› ብዬህ ነበር፣
በጨለማው አልሰማኸኝም» አለ።

ፍርሃት አልሄደም። ዛሬም ከግርጌዬ ይቀመጣል፣
ዱቤውን ይቆጥራል። ይቁጠር።
ሠላሳ አራቱን ደረጃ አብሮኝ ይወጣል፤
ላይ ስንደርስ እሱም እንደኔ ያለከልካል።

ትናንት አንድ የማላውቀው ደንበኛ
ጨርቁን አስረክቦ ስሜን ጠየቀኝ።
«ነ...» አልኩ።
ጫማዬን አላየሁም።
ጠበቅሁ። ጠበቀ።
መርፌው ቆሞ ነበር።

«ነዚፍ።»